ለገብስማ የተፈታው ግዝት

በእኛ አገር የታመመ ሰው ሊጠይቅ የገባ ሰው ምኑን እንዳመመው አይጠይቅም። «እህል ይቀምሳል?» ነው የሚለው። ይቀምሳል ከተባለ ነጠላውን አስተካክሎ ይቀመጥና ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሰው ሠርግ ያወራል። አይቀምስም ከተባለ ግን ከንፈሩን ይመጥና ዐይኑን በግቢው ላይ ያዞራል፤ ድንኳኑ በየት በኩል ቢተከል እንደሚሻል እያየ ነው። አንድ ሰው ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ፣ ደሙን ሰጥቶ፣ ራጅ ተነሥቶ፣ የወረቀት ክምር ታቅፎ ቢመለስ እንኳ እናቱ ወረቀቱን ወደ ጎን ትገፋና «እስቲ ይህችን ጉረስ» ትለዋለች። ከጎረሰ ድኗል። ካልጎረሰ ሐኪሞቹ ምን ያውቃሉ።

እኔ የሺ ግን በዕድሜዬ አንድም ቀን ምግብ አስጠልቶኝ አያውቅም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ የሚያውቁኝ ያውቁታል፣ የማያውቁኝም ከሩቅ አይተው ይገምታሉ። ወረታ ላይ ባጃጅ ስሳፈር ሹፌሩ ሦስተኛ ሰው አይጠብቅም። ወባ ይዞኝ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ እንኳ «ይህ ሁሉ መንቀጫቀጭ በከንቱ ለምን ይሂድ» ብዬ ቆሎ ቆርጥሜበታለሁ። እንዲህ ያለችውን ሴት እግዜር በምን ቢቀጣት ይሻላል? የማትበላ ዶሮ ሰጣት።

ዶሮዋ ገብስማ ትባላለች፤ ላባዋ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ስለሆነ ነው። የእኔም አይደለች፣ የልጄ የማስተዋል ናት። ማስተዋል ባለፈው ግንቦት ወደ አንበሳሜ ተድራ ስትሄድ፣ ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ፣ እኔ ስነፋረቅ፣ አባቷ አቧራ እንደገባበት ሰው ዐይኑን ሲያሽ፣ መኪናው ሊነሣ ሲል መስኮቱን ዝቅ አደረገችና «እማዬ፣ ገብስማን አደራ» አለችኝ። አባቷን አደራ አላለች። እኔንም ለአባቷ አደራ አላለች። ዶሮዋን። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ስትደውል የሰላምታው ዙር ሳያልቅ «ገብስማ ትበላለች? ወፈረች?» ነው። አደራ ማለት ምን እንደሆነ መቼም ታውቃላችሁ። በእኛ ዘንድ አደራ በላ ከመባል ሌባ መባል ይቀላል፤ ሌባ እኮ ቢያንስ ደክሞ ነው የሚወስደው። በዚያ ላይ ማስተዋል ከነባሏ ለገና ልትመጣ ነው፤ ከሠርጉ ወዲህ የመጀመሪያ መምጣቷ።

የገብስማን በሽታ ከመንገሬ በፊት ግን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ከዘርፌ አፍ ከምትሰሙት ከእኔ ብትሰሙት ይሻለኛል።

ዘርፌ ከአጥር ወዲያ ያለችው ጎረቤቴ ናት። ሃያ ዓመት ሙሉ እሳት ተጫጭረናል፣ ጨው ተበዳድረናል፣ አንዳችን ስንወልድ አንዳችን ገንፎ አገንፍተናል። ኅዳር ላይ ሩዙ ተወቅቶ ገባና ወደ መፈልፈያው ከመሄዱ በፊት እንዲደርቅ ግቢዬ ውስጥ በሸራ ላይ አሰጣሁት። የዘርፌ ስድስት ዶሮዎችና ሁለት አውራዎች ለግብዣ የተጠሩ ይመስል ተሰልፈው መጡ። «እሽ» አልሁ። ሄዱና ተመለሱ። «እሽ» ስል ዋልሁ፣ «እሽ» ስል ሰነበትሁ። በሦስተኛው ቀን ጫማዬን አውልቄ ብወረውር ዶሮዎቹን ሳተና የራሴን እንስራ ሰበረ። በእንስራው ንዴት ወደ አጥሩ ሄድሁና «ከአንች ዶሮ ግሪሳ ይሻላል፤ ግሪሳ እንኳ ወቅት አለው» አልኋት። ዘርፌ ከምትለቅመው ምስር ቀና ሳትል «አንችን ደግሞ ጠባቂ ምን ያስፈልግሻል? አፍሽን ከፍተሽ ብትቀመጭ የፎገራ ወፍ ሁሉ ይሸሻል» አለችኝ። አሁን ሳስበው ጥሩ አባባል ናት። ያን ጊዜ ጥሩነቷ አልታየኝም።

ሽማግሌ ተቀመጠ። የሁለታችንም የንስሐ አባት የሆኑት መምሬ ተገኘና የሰፈሩ አስታራቂ አያ ጫኔ መጡ። አጥሩን በእሾህ አጥብቃችሁ ይቅር ተባብላችሁ ኑሩ አሉን። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ መስቀል ተሳልሞ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። እኔ ግን «አይሆንም፤ ይገዝቱልኝ» አልሁ። መምሬ አተኩረው አዩኝና ግዝት የቤተ ክርስቲያን ቃል መሆኑን፣ በካህን አፍ የታሰረ ነገር የነፍስ ጣጣ እንዳለው፣ ለዶሮ ተብሎም እንደማይጣል ነገሩኝ።

«ዶሮ አይገዘትም፣ የሺ።»

«እንግዲያውስ ባለቤቷን ይገዝቱልኝ።»

ዘርፌም በተራዋ ተነሥታ «ይገዝቱኝ አባቴ። እኔ እንደ አንዳንዱ ሰው ቃሌን አላፈርስም» አለች። መምሬ ቢለምኑ ሁለታችንም እምቢ አልን። መጨረሻ ላይ ሚዛኑ እንዳያጋድል ብለው ሁለታችንንም ገዘቱን፤ የእሷ ዶሮ ወደ እኔ፣ የእኔም ወደ እሷ አጥሩን እንዳያልፍ፣ እኛም ባለቤቶቹ እንዳናሳልፍ። በማግሥቱ የግራር እሾህ አስመጥቼ በገዛ እጄ አጠርሁት። ድመት ራሷ ቆም ብላ ታስብ ነበር። ዘርፌ ደግሞ ዶሮዎቿን እግር እግራቸውን በገመድ አሥራ ደጃፏ ላይ ታውላቸው ጀመር። ሰው ቃሉን እንዲህ ሲያከብር ምን ያህል እንደሚያናድድ የደረሰበት ያውቀዋል። ከዚያ ቀን ወዲያ መነጋገር ቀረ።

አንድ ነገር ግን ለሽማግሎቹ አልተናገርሁም፤ ለእናንተም ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። የእነዚያ ዶሮዎች መሪ ገብስማ ነበረች። ሌሎቹን ዶሮዎቼን በክረምቱ ሸለምጥማጥ ፈጅቷቸው እሷ ብቻዋን ስለቀረች ከዘርፌ ዶሮዎች ጋር ገጥማ ነበር የምትውለው። ወደ ስጡ መንገዱን የምታሳያቸውም እሷ ናት። ከሳሿ ቤት ውስጥ ያለች ሌባ ማለት እንግዲህ ይህች ናት።

ታኅሣሥ ገብቶ ከጣና በኩል የሚመጣው የጧት ብርድ አጥንት ሲሰብር፣ አንድ ቀን ብነሣ ገብስማ ላባዋን ነፍታ ጥግ ላይ ቁጭ ብላለች። ዐይኗ አብጧል፣ አፍንጫዋ ይፈሳል። ከብት ሐኪሙን ጠራሁ። ወጣቱ ሰውዬ በሞተሩ ሲመጣ ከግቢው ውስጥ ላም ፈለገ። ዶሮ ናት ስለው ቅር እያለው ተቀመጠና የዐይኗን ቆብ ገልጦ አየ፣ አፏን ከፍቶ አየ። ፈንግል አይደለም፣ ከባድ ጉንፋን ነው አለና ከውኃ ጋር የሚበጠበጥ ዱቄት ለአምስት ቀን ሰጠኝ። እኔም የማስተዋልን አሮጌ ሹራብ እጅጌ ቆርጬ አለበስኋትና በቅርጫት አድርጌ ምድጃው አጠገብ አስተኛኋት። ባለቤቴ ይርጋ እግሩን የሚያሞቅባት ቦታ ያቺ ነበረች። እግሩን ሰብስቦ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

በአምስተኛው ቀን ዐይኗ ጠራ፣ አፍንጫዋ ደረቀ። ዳነች ብዬ እልል ልል ስል ሩዝ አቀረብሁላት። አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ከዚያ ግድግዳውን አየች። በሽታው ለቋት ሄዷል፣ ሲሄድ ግን አፏን ይዞት ሄዷል። ሐኪሙ ተመልሶ ደረቷን ዳሰሰና አጥንቷ እንደ ቢላዋ ጀርባ መውጣቱን አሳየኝ። «ከእንግዲህ መድኃኒቷ መብላት ብቻ ነው። በዚህ ሳምንት ካልበላች…» አለና የቀረውን ሞተሩን አስነሥቶ ጨረሰው። ከሄደ በኋላም ተመልሶ፣ ከገበያ ሌላ ዶሮ ገዝቼ እንዳላመጣባት አስጠነቀቀኝ፤ ከገበያ የሚመጣ ዶሮ በሽታ ይዞ ይመጣል፣ ይህች ደግሞ ሁለተኛ በሽታ የምትችልበት ሥጋ የላትም።

ከዚያ በኋላ ያላደረግሁት የለም። ሩዝ ቀቀልሁላት፣ ጤፍ በተንሁላት፣ ማሽላ አብቅዬ አቀረብሁላት። ነጭ ሽንኩርት ከጤና አዳም ጋር ወቅጬ አፏን ፈልቅቄ አጎረስኋት፤ እስክጨርስ በትዕግሥት ትጠብቀኝና አንገቷን አራግፋ ሁሉንም ፊቴ ላይ ትመልሰዋለች። ዶሮ ምስጥ አይታ አታልፍም ሲሉኝ በጾም ሆዴ፣ በቀትር፣ ዶማ ተሸክሜ ኩይሳ ልቆፍር ወጣሁ። መንገደኛ ሁሉ እየቆመ «እትየ የሺ፣ ወርቅ አገኘሽ?» ይለኛል። በቆርቆሮ ሙሉ ምስጥ ይዤ ተመለስሁ። ገብስማ ምስጦቹ በእግሮቿ መሀል ሲያልፉ መንገድ ለቀቀችላቸው።

የቀቀልሁት ሩዝ፣ የፈተፈትሁት ሽሮ፣ ያበቀልሁት ማሽላ የት ይሂድ? እህል አይጣል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጾሜን የምፈታው የእሷን ትራፊ በመጨረስ ሆነ። በሳምንቱ ዶሮዋ ከሳች፣ አስታማሚዋ ወፈረች።

ይርጋ ሁሉንም ዝም ብሎ ያይ ነበር። እሱ ወሬ አያበዛም። ራት ላይ ብቻ ቅርጫቱን አየት ያደርግና «ለገና ትደርሳለች?» ይለኛል። ሞታ ከተገኘች በክት ናት፣ ለማንም አትሆንም፤ በጾም ደግሞ እስከ በዓሉ ዋዜማ ቢላዋ አይነሣም። ስለዚህ የእሱ ጸሎት ጾሙ እስኪፈታ እንድትቆይለት ነው፤ የእኔ ጸሎት ከዚያም እንድታልፍ። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ለአንዲት ዶሮ ዕድሜ ሲጸልይ እግዜር እንዴት አድርጎ እንደሚለያቸው እንጃ። እሑድ ሲደርስ ማስተዋል ደወለች። «ገብስማ ትበላለች?» «ትበላለች።» «ወፈረች?» ገብስማን አየኋት። ሹራቧ ሰፍቷታል። «በጣም» አልሁ። ስልኩን ዘጋሁ፤ የገዛ ልጄን በአደራዋ ላይ ዋሸኋት።

ሰው ሲጨንቀው ብልጠት ይመጣለታል ይላሉ። ለእኔ የመጣልኝ የይርጋ የጺም መላጫ መስተዋት ነው። ዶሮ ብቻዋን መብላት ደብሯት ይሆናል፣ ጓደኛ ያየች ይምሰላት ብዬ ፊቷ አቆምሁትና በመሀል ሩዝ በተንሁ። ገብስማ መስተዋቱን አየች። በመስተዋቱ ውስጥ ያለችውም አየቻት። ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ። አንድ የማትበላ ዶሮ ነበረችኝ፤ ሁለት ሆኑ።

መስተዋቱ አልሆን ሲል ጓደኛ ራሴ ልሁናት አልሁ። መሬት ላይ በአራት እግሬ ተንበርክኬ፣ በጣቴ ሩዙን ጠቅ ጠቅ እያደረግሁ፣ የዶሮ ድምፅ እያሰማሁ ስበላ፣ ማለት የምበላ ስመስል፣ ይርጋ ከማሳ ገባ። በሩ ላይ ቆሞ ለጥቂት ጊዜ አየኝ። ከዚያ ዞሮ ወደ ማሳው ተመለሰ። እስከ ዛሬ ስለዚያ ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም። ቢያነሣው ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ የተገለጠልኝ ግን በዚያው ቀን ነው። ለጉልበቴ ፀሐይ ልስጠው ብዬ ገብስማን ይዤ አጥሩ ሥር ተቀመጥሁ። ከእሾሁ ወዲያ ዘርፌ ለታሰሩ ዶሮዎቿ ግርድ እህል በተነች። አየሁ ማለት አጮለቅሁ፤ በእሾህ ቀዳዳ ጎረቤት የሚያጮልቅ ሰው ሆኛለሁ። ዶሮዎቹ ገመዳቸውን እየጎተቱ፣ አንዱ ከአንዱ አፍ እየነጠቀ፣ አውራዎቹም እየተደባደቡ ግርግር ሆነ። ያን ጊዜ ገብስማ ከነሹራቧ ተነሣች። አንገቷን ሰገግ አደረገች። ወደ አጥሩ ሄደችና ፊቷን እሾሁ ላይ ልትለጥፍ ምንም ሳይቀራት ቆመች። ከሕመሟ ወዲህ እንዲያ ስትቆም አይቻት አላውቅም። ገባኝ። ይህች ዶሮ የጠፋባት ግርግሩ ነው። ማንም የማይነጥቃትን እህል ምን ብላ ትብላው? ግርግሩን ያስገዘትሁባት ደግሞ እኔ ነኝ።

ወደ ዘርፌ ደጅ ሄድሁ። ደጃፏ ላይ ስደርስ ወኔዬ ጥሎኝ ጠፋና «ወንፊት ልዋስ ነው» አልሁ። ከጓዳ አምጥታ ሰጠችኝ። ምን ላድርግ፣ የማልፈልገውን ወንፊት ይዤ ተመለስሁ። ትንሽ ቆይቼ ወንፊቱን ልመልስ ሄድሁ። ተቀበለችኝና ቆመች። እኔም ቆምሁ።

«ዘርፌ፣ ስለ ዶሮዎችሽ ነበር።»

«ደግሞ ምን አደረጉ? እግራቸው እንደታሰረ ነው።»

«ምንም አላደረጉ። ችግሩ እሱ ነው። እንዲመጡልኝ ፈልጌ ነው።»

«የት?»

«እኔ ዘንድ። ሩዙን እንዲበሉልኝ።»

ዘርፌ እጇን አንሥታ ግንባሬን ዳሰሰችኝ። ወባ የያዘኝ መስሏት ነው። ያን ጊዜ ሁሉንም ዘረገፍሁት፤ ጉንፋኑን፣ ምስጡን፣ መስተዋቱን፣ የማስተዋልን አደራ፣ ገብስማ በእሾሁ ቀዳዳ ያየችውን። መንበርከኬን ብቻ ዘለልሁት። ዘርፌ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «የሺ፣ ገዝተውኛል» አለች። «ለዶሮሽ ብዬ ነፍሴን አላስይዝም። ዶሮሽንም ወዲህ አታምጭብኝ፤ አንችም ተገዝተሻል። ያስገዘትሽ አንች ነሽ፣ ሂጅና አስፈች።» ልሄድ ስዞር ደግሞ ከኋላዬ «ውኃስ ትጠጣለች?» አለችኝ። ትጠጣለች አልሁ። «እንግዲያው ገና ቀን አላት» አለችና ገባች።

መምሬ ተገኘን ከቅዳሴ ሲወጡ ጠበቅኋቸው። ምን እንደፈለግሁ ስነግራቸው በመቋሚያቸው ተደግፈው ድገሚልኝ አሉኝ። ደገምሁላቸው። «ጆሮዬ መስሎኝ ነበር» አሉ። አልሣቁብኝም፤ ቢሥቁ ይቀለኝ ነበር። ግዝት የጫማ ክር አይደለም፣ እንደ ልብ ታስሮ እንደ ልብ አይፈታም፤ የታሰረበት ቦታ ላይ፣ ያኔ በነበሩት ሰዎች ፊት፣ ያሳሰረችው ሴት በገዛ አፏ ለምና ነው የሚፈታው አሉኝ። ነገ ከሰዓት ይሁን አሉ።

በማግሥቱ አጥሩ ሥር ያኔ የነበሩት ሁሉ መጡ። ያኔ ያመለጣቸውም መጡ። አያ ጫኔ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ናቸውና ጋቢያቸውን አስተካክለው ጀመሩ።

«ከሳሽ ማን ናት?»

«እኔ ነኝ፣ አያ ጫኔ።»

«ተከሳሽስ?»

«እሱም እኔው ነኝ።»

አያ ጫኔ ትንሽ አሰቡና «እንግዲህ በቅድሚያ ከራስሽ ጋር ታረቂ» አሉኝ። ሰው ሁሉ በሣቅ ፈረሰ። ይርጋ እንኳ ከጀርባ ሲሥቅ ሰማሁት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ አልዘረዝርም፤ የዘርፌ ዶሮዎች ገብተው ሩዜን ይበሉልኝ ዘንድ በሰው ፊት በእግዚአብሔር ስም ለመንሁ ብቻ ልበላችሁ። ዘርፌም ተጠየቀችና እሺ አለች፤ ግን እሾሁን የምታነሣው ያጠረችው ራሷ ትሁን አለች። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ማለት ምን እንደሆነ መዳፌ ላይ ተጽፎ አነበብሁት። መምሬ ጸሎት አደረሱና «እግዚአብሔር ይፍታችሁ» አሉን።

ዘርፌ የዶሮዎቿን ገመድ ፈታች። እኔ ሁለት እጄን ሙሉ ሩዝ ገብስማ ፊት በተንሁ። ስድስቱና ሁለቱ አውራዎች በክፍተቱ ጎርፈው ገቡና መብላት ጀመሩ። ገብስማ በሹራቧ መሀላቸው ቆማ ታያለች። ሩዙ አለቀ። ደግሜ በተንሁ። ያም ሊያልቅ ነው። አሁን ማንም አይሥቅም። መምሬ እንኳ መስቀላቸውን እንደያዙ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ያያሉ። እኔ በልቤ፣ ልጄ ከመኪናው መስኮት ያለችኝን ነው የምሰማው። ሦስተኛውን በተንሁ፤ አብዛኛው እግሬ ሥር ወደቀ። ከዘርፌ ዶሮዎች አንዲት ቀጫጫ ቄብ ወደ ገብስማ ተጠጋችና ከአፏ ሥር፣ ከአፍንጫዋ ሥር ማለት ይቻላል፣ አንዲት ፍሬ ልታነሣ ጎንበስ አለች።

ገብስማ ናላዋን አለቻት።

ከዚያ ፍሬዋን አንሥታ ዋጠች። ሁለተኛ ዋጠች። ከዚያ ወዲያ መቁጠር አልቻልሁም፤ ዐይኔ ውኃ ሞልቶ አያይም። ዘርፌ አጠገቤ መጥታ ቆማ ነበር። «በላች» አለችኝ ቀስ ብላ፣ እኔ ያላየሁ ይመስል። «በላች» አልኋት። ከዚያ እሷ ናት እልል ያለችው፣ እኔ አይደለሁም። አያ ጫኔ ነገሩ መወሰኑን ለማሳወቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ የሰማቸው የለም።

እስከ ገና ባለው ጊዜ ሩዙን እኔ ሳሰጣ ዶሮዎቹ ይበሉታል፣ እኔና ዘርፌ ቁጭ ብለን እናያለን። ገብስማን ሹራቧ ጠበባት፤ ቀድጄ አወለቅሁላት። ደረቷ ሞላ፣ ኩክኒዋ ቀላ። ይርጋ እስከ ገና የቀረውን ቀን ይቆጥራል።

በገና ዋዜማ ማስተዋል ከነባሏ መጣች። ዘርፌም እንኳን ደህና መጣችሁ ልትል መጥታ አብራን ተቀምጣለች። ልጄ እኛን ስማ ሳትጨርስ ገብስማን ከግቢው ይዛ መጣች። በሁለት እጇ ከፍ ዝቅ እያደረገች መዘነቻት። «እማዬ፣ አደራዬን እንዴት አድርገሽ ነው የያዝሽልኝ» አለች። ኩራቴ ቤቱን ሞላው። ከዚያ ወደ ባሏ ዞራ «አላልሁህም? ለመጀመሪያ ገናችን ብዬ ያስቀመጥኋት ይህችው ናት። እናቴ ዶሮ ስትሠራ ገና አላየህም» አለችው።

ሰባት ወር ሙሉ በየእሑዱ ስለ ጤናዋ የምትጠይቀኝ መስሎኝ። ለካ ሚዛን ላይ አድርጋት ነው የከረመችው። አልፈርድባትም፤ እኔስ በእሷ ዕድሜ ዶሮን ለምን ነበር የማቀልበው? ይርጋ ቢላዋውን ከየት እንዳመጣው አላውቅም፣ ይዞት ቆሟል። አማች ፊት እምቢ አይባል ነገር፣ አፌ ተያዘ። የፎገራን ወፍ ሁሉ ያባርራል የተባለለት አፍ።

«ይህች ዶሮ አትታረድም» አለች ዘርፌ። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ። «መምሬ ገዝተውባታል።»

 ለነፍሷ ብላ አንዲት ዶሮ በአጥር ያላሳለፈችው ዘርፌ። ይርጋ ሁሉንም ያውቃል፤ ግዝቱ ሲታሰርም ሲፈታም ነበረ። አፉን ከፈተ፣ አየሁት። አየኝ። ዘጋው። ትዳር ከያዝን ወዲህ ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ ይህን አስበልጥለታለሁ።

«ዶሮ ይገዘታል እንዴ?» አለች ማስተዋል።

«በእኛ ሰፈር ይገዘታል» አልሁ። ዘርፌም ወጥታ ከሁለቱ አውራዎቿ ቀዩን ይዛ መጣችና ለይርጋ አስረከበችው። በማግሥቱ አማቼ ጣቱን እስኪልስ በላ።

በዓሉ ካለፈ በኋላ እኔና ዘርፌ መምሬ ዘንድ ለንስሐ ሄድን፤ እሷ ፊት ፊት፣ እኔ ኋላ ኋላ። ስለተናገረችው ለእሷ አርባ አቡነ ዘበሰማያት፣ ስላጸደቅሁት ለእኔ ሃያ ሰጡን። ዘርፌ በመንገዱ ሁሉ ስለ ልዩነቱ ስታጉረመርም ነበር። መምሬ ግን ልንወጣ ስንል መልሰው ጠርተውን «ዶሮዋን እንዳታርዷት» አሉን። «ያልገዘትሁትን ገዝተዋል ብላችሁ አንድ ጊዜ ዋሽታችኋል። አሁን ብታርዷት ደግሞ ግዝት አፍርሰዋል ተብላችሁ ትታማላችሁ፤ ያንን የሚያስተሰርይ ጸሎት እኔ ዘንድ የለም።»

ስለዚህ በፎገራ ሜዳ በእርጅና የምትሞት ዶሮ ካለች እሷ ናት። ስትበላ ውላ፣ ስትበላ ታመሻለች፤ ከሩዙ ለመፈልፈያው የሚተርፈው በየጊዜው እያነሰ ይሄዳል። እናንተም ወደ ወረታ ብቅ ያላችሁ እንደሆነ ቤቴ ቤታችሁ ነው፤ ሩዝ አይጠፋም፣ ከጣና ዓሣ ይመጣል፣ እንቁላልም እንደ ጉድ ነው። ዶሮ ወጥ ካማራችሁ ግን ይፋግ ድረስ ብዙ መንገድ አይደለም።